ለአሮጌ ኮምፒውተር ቅድሚያ ለኤዲተሩ ስጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። የጽሑፉ ምክር ባጭሩ ይህ ነው፤ ማሽኑ ካረጀ ቀለል ያለ የቢሮ ፕሮግራም ይጫንበት፣ እሱም ከከበደው ተፈታትቶ ለመለዋወጫ ይዋል። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው። ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። አሮጌ ኮምፒውተር እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ማስተካከል ያለባችሁ ቴክስት ኤዲተሩን ነው። ከኢንተርኔቱ በፊት፣ ከፕሪንተሩ በፊት፣ ከድምፁና ከጌሙ በፊት። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ደብዳቤው ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ፤ ነገሩ በሁለት መስመር አያልቅም።

ኤዲተር ስል እንደ ወርድ ያለውን ማለቴ አይደለም። ወርድ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ህዳጉን፣ የገጹን ስፋት ሁሉ አብሮ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ፋይሉን ለመክፈት ያው ፕሮግራም ወይም የቅርብ ዘመዱ ያስፈልጋል። ቴክስት ኤዲተር ግን የጻፋችሁትን ፊደልና መስመሩ የት እንዳለቀ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ሌላ ምንም የለም። ለዚህ ነው በ1985 በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቴክስት ፋይል ዛሬ በስልካችሁ ያለ ምንም ጣጣ የሚከፈተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። የዚያን ዘመን የቢሮ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት ሞክሩና ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ታዲያ ለምን ቅድሚያ? በድሮ ማሽን ላይ፣ በተለይ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው፣ ትዕዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራው በዶስ፣ «ሴቲንግ» የሚባል መስኮት የለማ። ማሽኑ ሲነሳ ሁለት ቴክስት ፋይሎች ያነባል፤ ኮንፊግ ዶት ሲስ እና አውቶኤግዜክ ዶት ባት። ማውሱ፣ ሲዲው፣ ሚሞሪው፣ የኪቦርዱ ቋንቋ፣ ሁሉም የሚታዘዘው በእነዚህ ውስጥ በተጻፈ መስመር ነው። ዊንዶውስ 3.1 ላይ ብትሄዱም ዊን ዶት አይኤንአይ እና ሲስተም ዶት አይኤንአይ ይጠብቋችኋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ሲነሳ ቡት ዶት አይኤንአይ የምትባል ትንሽ የተደበቀች ቴክስት ፋይል ያነባል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ከሆነማ ማሽኑ ከሞላ ጎደል የሚስተካከለው በቴክስት ፋይል ነው። እንግዲህ የሚሠራ ኤዲተር የሌለው ሰው እነዚህን በምን ይነካቸዋል? ኤዲተሩ ሳይሰናዳ ሌላውን መነካካት ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው።

መቼም በጣም ተጨንቆ ለሚፈልግ ዶስ አንድ መውጫ አለው። «ኮፒ ኮን» ብላችሁ የፋይሉን ስም ትሰጡታላችሁ፣ መስመር በመስመር ትጽፋላችሁ፣ ኤፍ 6 ተጭናችሁ ኢንተር ስትሉ ፋይሉ ይቀመጣል። ግን ኢንተር ያላችሁበትን መስመር ተመልሳችሁ ማረም አትችሉም። ለሦስት መስመር ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይሞከርም።

ስለዚህ አንድ ነገር ከመጫናችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ምን እንዳለ እዩ። የመጀመሪያው ዶስ በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር ሲወጣ ይዞት የመጣው ኤዲተር ኤድሊን ነበር። የጻፈው ቲም ፓተርሰን ነው፣ በሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ለስድስት ወር ያገለግላል ተብሎ። ሰውየው ያሰበው ሌላ የሆነው ሌላ፤ ኤድሊን ከ32 ቢት ዊንዶውስ ጋር እየተንከባለለ እስከ ዊንዶውስ 10 ድረስ ዘለቀ። ስትከፍቱት የሚያሳያችሁ አንዲት የኮከብ ምልክት ብቻ ናት። «ኤል» ብላችሁ ኢንተር ስትሉ መስመሮቹን ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል። «3» ካላችሁ ሦስተኛውን መስመር ለእርማት ያቀርብላችኋል። «አይ» ማስገቢያ ነው፣ «ዲ» ማጥፊያ ነው፣ «ኢ» አስቀምጦ መውጫ ነው፣ «ኪው» ሳያስቀምጡ መውጫ ነው። በቃ። ሙሉ ገጽ እያዩ መጻፍ የለም። እኔ ኤድሊንን ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ አልመክርም፤ ግን እነዚህን አምስት ፊደሎች ማወቅ አንድ ቀን ከጉድ ያወጣል፣ ምክንያቱም አሮጌ ዶስ ባለበት ብዙ ጊዜ ኤድሊን አለ።

በ1991 ዶስ 5 ሲወጣ «ኤዲት» መጣ። ይሄ ሰው የሚወደው ነው። ሰማያዊ ስክሪን፣ ከላይ ሜኑ፣ ማውስ ይቀበላል፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ኤዲት ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለመሆኑን ነው። ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ኪውቤሲክ የሚባለው የቤሲክ ቋንቋ ፕሮግራም መጻፊያ ነው። ኤዲት ስትሉ እሱ ኪውቤሲክን በኤዲተር መልክ ይጠራዋል እንጂ የራሱ ሥራ የለውም። አሁን አስቡት፤ አሮጌ ማሽን ላይ ዲስኩ ትንሽ ነው፣ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ይጠራርጋል፣ «እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ ቤሲክ ምን ያደርግልኛል» ይልና ኪውቤሲክን ያጠፋዋል። ትርፉ ሩብ ሜጋባይት ቢሆን ነው። በማግስቱ ኤዲት ሲል ኪውቤሲክ አልተገኘም የሚል መልስ ይመጣል፣ ሰውየውም ኤዲቱ ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም። ኪውቤሲክን ከዶሱ ዲስክ መልሳችሁ ዶስ ፎልደር ውስጥ ብትከቱት ወዲያው ይነሳል። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ያለው ኤዲት ግን ሌላ ነው። ወደ 70 ኪሎባይት የምትሆን አንድ ፋይል ናት፣ የማንንም እርዳታ አትፈልግም፣ ብዙ ፋይልም ባንዴ ትከፍታለች።

የትኛውንም ኤዲተር ምረጡ፣ አንዱን ቅጂ ማስነሻ ፍሎፒ ላይ አድርጉ። ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ ዶሱም፣ ኤዲትም፣ ኪውቤሲክም ይገባሉ። ኮንፊግ ዶት ሲስ ውስጥ አንድ መስመር ተሳስቶ ማሽኑ መነሻው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀር ከፍሎፒ አስነስታችሁ፣ ፋይሉን ከፍታችሁ፣ መስመሩን አርማችሁ ትገላገላላችሁ። ዶስ 6 ካላችሁ ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 5 ብትጫኑ ሁለቱንም ፋይሎች ዘሎ ይነሳል፣ ኤፍ 8 ብትጫኑ መስመር በመስመር እያስፈቀደ ያልፋል። የትኛው መስመር እንደሚያንቀው የምታዩት በኤፍ 8 ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ማረሚያችሁ ያው ኤዲተር ነው።

አሁን ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ወይም ኮድ ለሚጽፍ ሰው ኤዲት አይበቃም። አንድ ጊዜ ያጠፋችሁትን ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ አይመልስላችሁም፣ ትልቅ ፋይል ሲመጣም ይጨንቀዋል። ለዚህ እኔ የምመክረው ቪም የሚባለውን ኤዲተር ነው። ኢማክስ የሚባለው ሌላ ኤዲተርም ለዶስ አለ፣ የሚወዱት አሉ፣ አልቃወምም፤ ግን በአሮጌ ማሽን ላይ ሚሞሪ ይበላል። ቪም ራሱ የተወለደው በድሮ ማሽን ላይ ነው። ብራም ሞለናር የሚባለው ሆላንዳዊ ፕሮግራመር ለአሚጋ ኮምፒውተር ሠርቶት በ1991 አወጣው፣ በ2023 እስኪሞት ድረስም ከጎኑ አልተለየም። ያለ ፋይል ስትከፍቱት የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዩጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እርዱ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ዋጋው ያ ነው፤ የወደደ ይረዳል፣ ያልቻለ በነፃ ይጠቀማል። እኔ ይህን ገጽ ባየሁት ቁጥር ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ስታወርዱት ግን ተጠንቀቁ። በ2016 የወጣው ቪም 8 ዶስን ትቷል፣ ስለዚህ ለዶስ የሚሆነው ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ሠላሳ ሁለት ቢቱ ቅጂ 386 ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ በንጹህ ዶስ ላይ ደግሞ ሲደብልዩኤስ ዲፒኤምአይ የምትባል ትንሽ ረዳት ፋይል ትፈልጋላችሁ። ያቺ ፋይል ከሌለች ቪም «ዲፒኤምአይ የለም» ብሎ ይዘጋል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ሥራዋ ፕሮግራሙ ዶስ ለፕሮግራሞች ከከለለው 640 ኪሎባይት አጥር ውጭ ያለውን ሚሞሪ እንዲጠቀም በር መክፈት ነው። ቪም ካለበት ፎልደር ጋር አብራችሁ አስቀምጧት። በዊንዶውስ 95 ወይም 98 ውስጥ በተከፈተ የዶስ መስኮት ከሆነ ግን አታስፈልግም፣ ዊንዶውሱ ራሱ ያንን ይሠራል።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ዚፑን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ፍቱት፣ ሲ ድራይቭ ላይ ቪም የሚባል ፎልደር ከፍታችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ አውቶኤግዜክ ዶት ባትን በኤዲት ክፈቱና ማሽኑ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በሚዘረዝረው፣ «ፓዝ» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ያንን ፎልደር ጨምሩ። ነባሩን መስመር እንዳታጠፉ! በሴሚኮለን ለይታችሁ ከኋላ ቀጥሉለት። ከስሩ አንድ መስመር ጨምራችሁ «ሴት ቪም» በሉና የፎልደሩን ቦታ ስጡት፣ የራሱን ፋይሎች የሚያገኘው በዚያ ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታስነሱት ከየትኛውም ፎልደር ሆናችሁ ቪም ብትሉ ይከፈታል።

ቀጥሎ የራሱ ሴቲንግ ፋይል አለ፣ ቪምአርሲ ይባላል። በሊኑክስ ላይ ስሙ በነጥብ ይጀምራል። ዶስ ግን በነጥብ የሚጀምር ስም አይቀበልም፣ ስለዚህ በነጥቡ ፋንታ ከፊቱ አንደርስኮር ይገባል። ይህን ሳያውቁ ከሊኑክስ መማሪያ ላይ እየቀዱ የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ፋይሉ ባዶ ቢሆን እንኳ መኖሩ ብቻ ጥቅም አለው፤ ቪም ፋይሉን ሲያገኝ የተቀዳበትን የጥንቱን ኤዲተር የቪአይን ባህሪ ትቶ የራሱን ይይዛል። እኔ ውስጡ የማስገባው ጥቂት ነገር ነው። መጀመሪያ «ባክስፔስ» የሚለውን 2 አደርገዋለሁ። ይሄ ካልተደረገ ባክስፔስ ስትጫኑ አሁን የጻፋችሁትን ብቻ ነው የሚያጠፋው፣ ቀድሞ ወደነበረው ጽሑፍ ወይም ወደ ላይኛው መስመር አያልፍም፣ ጀማሪም ኪቦርዱ ተበላሸ ይላል። ቀጥሎ የመስመር ስፋቱን 72 አደርጋለሁ፣ ስክሪኑ 80 ፊደል ስለሚይዝ ጽሑፉ ጠርዝ ሳይነካ ራሱ ይታጠፋል። ከዚያ ቀለም ማቅለሚያውን አጠፋለሁ። ኮዱን በቀለም መለየቱ ቆንጆ ነው፣ ግን 386 ላይ ረጅም መስመር ሲመጣ ፊደሉ ከጣት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያ ደግሞ የመጻፍን ደስታ ሁሉ ይገድላል። መጨረሻ ላይ ባክአፕን አበራለሁ፤ ፋይሉን በጻፍኩበት ቁጥር የቀድሞውን ቅጂ እንዲያስቀር።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ አልልም። ስትገቡ ትዕዛዝ ይጠብቃል እንጂ ጽሑፍ አይጠብቅም። «አይ» ስትጫኑ መጻፍ ይቻላል፣ ኤስኬፕ ስትጫኑ ወደ ትዕዛዝ ይመለሳል፣ ኮለን ብላችሁ ደብልዩና ኪው ስትጽፉ አስቀምጦ ይወጣል። ሌላው በጊዜው ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኤዲት ከፍታችሁ ሁለት ገጽ ጽፋችሁ ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ከሄደ ጽሑፋችሁም አብሮ ሄደ። ቪም እንዲህ አያደርግም። ገና ስትከፍቱት ከፋይላችሁ አጠገብ «ስዋፕ» የሚባል ጊዜያዊ ፋይል ይከፍታል። ሁለት መቶ ያህል ፊደል በጻፋችሁ ቁጥር፣ ወይም ለአራት ሰከንድ እጃችሁን ስታሳርፉ፣ የጻፋችሁትን ዝም ብሎ ወደ ስዋፑ ያወርዳል። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ ያንኑ ፋይል ስትከፍቱ «ያልተዘጋ ስዋፕ አግኝቻለሁ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ «አር» ብላችሁ ታድናላችሁ። ካዳናችሁ በኋላ በትክክል መመለሱን አይታችሁ፣ ሴቭ አድርጋችሁ፣ የድሮውን ስዋፕ ማጥፋት የእናንተ ፋንታ ነው፤ አለዚያ በከፈታችሁት ቁጥር ይጠይቃችኋል። ባትሪው ለሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም። እግረ መንገዴን፣ ዶስ ላይ ስማርትድራይቭ የሚባለውን ካሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት «ስማርትዲአርቪ» ብላችሁ በስላሽ «ሲ» ጨምሩ፣ ሚሞሪ ላይ የቀረውን ሁሉ ወደ ዲስክ ያወርደዋል።

ወደ ኤክስፒ ልምጣ፣ አብዛኛው አንባቢያችሁ አሮጌ የሚለው ማሽን እሱ ስለሚሆን። እዚያ ኖትፓድ አለ፣ ለትንሽ ነገር ጥሩ ነው። ግን ሁለት አመል አለው። አንደኛው የመስመር ማለቂያ ነው። ዶስና ዊንዶውስ መስመር የሚዘጉት በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ነው፣ ሊኑክስ በአንድ፣ የድሮው ማክ ደግሞ በሌላ አንድ። ከሊኑክስ የመጣ ፋይል በኤክስፒ ኖትፓድ ስትከፍቱ ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ተለጣጥፎ፣ በመሀሉ ትናንሽ ሳጥኖች ተደርድረው ታገኙታላችሁ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኖትፓዱ ነው ያልገባው። ይህን ማይክሮሶፍት ያስተካከለው በ2018፣ ያውም በዊንዶውስ 10 ነው። ሁለተኛው አመል የፋይል ስም ላይ ነው። ባት ፋይል (ማሽኑ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች የተጻፉበት) ልታስቀምጡ ስትሉ ከኋላው ዶት ቲኤክስቲ ይቀጥልበትና ትዕዛዙ አይሠራም። ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ብትጽፉት ግን እንዳለ ይቀበላችኋል።

ከኖትፓድ የተሻለ ለሚፈልግ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ አለ። አዲሱ ቅጂ ኤክስፒ ላይ አይሠራም፤ ኤክስፒን የሚቀበለው የመጨረሻው 7.9.2 ነው። ይሄን ቁጥር ያዙት። ደግሞ ከኤክስፒው ላይ ሆናችሁ ለማውረድ አትድከሙ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ብራውዘር የዛሬዎቹ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን የምስጠራ ዘዴ አያውቅም፣ ስለዚህ ገጹ አይከፈትም፣ ሰውም ኢንተርኔቱ ነው ይላል። በሌላ ኮምፒውተር አውርዱና በፍላሽ አምጡት። ኤክስፒ ድጋፉ ከ2014 ጀምሮ ስለተቋረጠ ከኔት ማራቁም ጥሩ ነው። ለመጻፍ ኔት አያስፈልግም።

አሁን ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ትልቁ ጉዳይ። ዶስ ላይ በአማርኛ መጻፍ እንደ እንግሊዝኛው አልጋ በአልጋ አይደለም፣ ምክንያቱም የዶስ የጽሑፍ ስክሪን በመደበኛው ባንዴ የሚይዘው 256 ምልክት ነው። የእኛ ፊደል ከነዝርዝሩ ከ300 በላይ ነው፤ አይገባም። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም የየራሱን መላ ፈልጎ ፊደሉን በየራሱ ቁጥር የደረደረው፣ ባንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ የሚሆነው። ነገሩ መልክ የያዘው በ1999 ፊደላችን ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ነው። ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚቀመጥበት በዛሬው ዩቲኤፍ 8 የተጻፈ የአማርኛ ፋይል ዶስ ኤዲት ላይ ብትከፍቱ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክት ታያላችሁ፣ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው። ፋይሉ ደህና ነው፣ ብቻ እዚያ ላይ ሆናችሁ አትነካኩት።

ኤክስፒ ላይ ግን ይቻላል። ኤክስፒ ዩኒኮድ ያውቃል፤ የጎደለው ፎንት ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ማውጣት የጀመረው በቪስታ ነው፣ ስለዚህ ኤክስፒ ላይ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ የዩኒኮድ ፎንትና መጻፊያ ኪቦርድ መጨመር አለባችሁ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዲት ወጥመድ በደንብ ልንገራችሁ። ኖትፓድ ላይ በአማርኛ ትጽፋላችሁ፣ በትክክል ይታያችኋል፣ ሴቭ ስትሉ አንድ መልእክት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ዩኒኮድ ፊደላት አሉ፣ በዚህ መልክ ካስቀመጥከው ይጠፋሉ ነው የሚለው። ሰው መልእክት አያነብም፣ «ኦኬ» ይላል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ አሁንም ደህና ነው! ዘግቶ ሲከፍተው ግን ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ነው። ከዚያ መመለሻ የለውም፣ ፊደሉ ተደብቆ ሳይሆን በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ነው የተቀመጠው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ሴቭ አዝ» በሉ፣ ከታች ኢንኮዲንግ (ፊደሉ ፋይሉ ላይ የሚቀመጥበት ዘዴ) የሚለው ጋ «አንሲ» የሚለውን ወደ «ዩቲኤፍ 8» ቀይሩ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ፋይል ሁሉ በዩቲኤፍ 8 እንዲጀምር አንዴ አድርጋችሁት እረፉ። አንድ ሰው የዓመት ማስታወሻውን በዚህች ኦኬ እንዳያጣ ብዬ ነው እንዲህ የማስረዝመው።

ማሽኑ ላይ ሊኑክስ ለሚጭን ናኖ የሚባለው ኤዲተር ይበቃዋል። ቁልፎቹን ከታች ጽፎ ያሳያል፣ ማንም አይጠፋበትም። 32 ቢት ማሽን ከሆነ ስርጭቱን (የሊኑክሱን ዓይነት) ስትመርጡ ተጠንቀቁ፣ ለምሳሌ ዴቢያን ከ13 ጀምሮ ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ አያወጣም፣ 12ን ያዙ።

የጻፋችሁትን ማውጣት የራሱ ጣጣ አለው። ዶስ 6.22 ፍላሽ አያውቅም፣ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደራደር የተዘጋጀ ዲስክም አያነብም፣ የፋይል ስምም ከነጥቡ በፊት ስምንት፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ስሞቻችሁን ከመጀመሪያው አሳጥሩ፣ አለዚያ ሁሉም በቁራጭ ስምና በቁጥር ይመጣና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋችኋል። የማዘርቦርዱን ባትሪም ቀይሩ፤ ሞቶ ከሆነ የፋይሎቻችሁ ቀን ሁሉ ከ1980 ሊጀምር ይችላል፣ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ መለየት አትችሉም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አዲስ ቢገዛስ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አዲስ መግዛት የሚችል ይግዛ። እኔ የምናገረው ማሽኑ እጁ ላይ ላለና መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለተማሪ፣ ማስታወሻ ለሚይዝ፣ ግጥም ለሚሞክር፣ ፕሮግራሚንግ ለሚጀምር። በትክክል የተሰናዳ ኤዲተር ያለው አሮጌ ማሽን ቁልፉን ስትነኩ ፊደሉን ወዲያው ያሳያል። መሀል ላይ አፕዴት ልሥራ አይልም፣ መልእክት አይጮህበትም። ነገሩ የናፍቆት ብቻም አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2025 ያንኑ «ኤዲት» የሚለውን ስም መልሶ፣ ሩብ ሜጋባይት የማትሞላ አዲስ ኤዲተር ለዊንዶውስ አውጥቷል፣ ኮዷንም ለሕዝብ ክፍት አድርጎ። የዛሬዎቹ 64 ቢት ዊንዶውሶች የድሮውን ኤዲት ማስነሳት ስለማይችሉ በትዕዛዝ መስኮቱ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ኤዲተር ሳይኖራቸው ነው የቆዩት። ትንሽ ኤዲተር ጊዜው አልፎበት ቢሆን ኖሮ ይህን አያደርጉም ነበር።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ይህን ነው። በዚያው ገጽ ላይ ተከታይ ጽሑፍ አውጡ። አሮጌውን ኮምፒውተር እንዴት እንጥለው ከማለት በፊት፣ አንድ ኤክስፒ ማሽንና አንድ ዶስ ማሽን ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡና ኤዲተሩን ከመጫን እስከ ማስቀመጥ ያለውን ሂደት ሠርታችሁ አሳዩ። የኢንኮዲንጉን ምርጫ ከነፎቶው አትሙት። ቦታ ከጠበባችሁ እኔ የጻፍኩትን የዶስ ክፍል ቁረጡት፣ የጥያቄ ምልክቱን ነገር ግን አትቁረጡብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ